ድምፁን ብናጠፋውስ?

በበረዶ ላይ በሙዚቃ የመንሸራተት ውድድር በመጋቢት ግድም በዓለም ሻምፒዮና ይዘጋል። ወዳጆቹ ታዲያ እስከ ጥቅምት ምን ይሠራሉ? የድሮ ውድድር እየደጋገሙ ያያሉ፤ ይጨቃጨቃሉ። ጭቅጭቁም ብዙ ጊዜ በተንሸራታቾቹ ሳይሆን በቴሌቪዥኑ ተንታኝ ላይ ነው፦ «ያዳላል!»

ለመሆኑ ተንታኝ ማዳላቱ ነውር ነው? እስቲ በ2002 እ.ኤ.አ. በሶልት ሌክ ሲቲ ኦሊምፒክ የሆነውን እናንሳ። በጥንዶች ውድድር ሩሲያዊው ሲካሩሊድዜ ከአንድ ዝላይ ሲያርፍ ተንገዳገደ፤ ካናዳውያኑ ሳሌና ፔልቲዬ ያለ እንከን ጨረሱ። ዳኞቹ ግን 5 ለ 4 ወርቁን ለሩሲያውያን ሰጡ። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ተንታኞች ስኮት ሃሚልተንና ሳንድራ ቤዚክ በግልጽ ተቃወሙ። ቤዚክ ራሷ ካናዳዊት ናት። አዳላች እንበል? ከጥቂት ቀናት በኋላ እኮ ፈረንሳዊቷ ዳኛ ግፊት ተደርጎባታል ተባለና ለካናዳውያኑም ወርቅ ተሰጠ! ወገን ያለው ሰው ሁሉ ውሸታም አይደለም ማለት ነው።

እንደኔ እንደኔ፣ ተንታኝ መውደዱ ኃጢአት አይደለም፤ ዳኛ አይደለማ! ኃጢአቱ የሚወደው ሲሳሳት እያየ ዝም ማለቱ ነው። እኛስ? «አዳላ» የምንለው የኛን ሰው ሲነቅፍብን ብቻ ከሆነ፣ የምንፈልገው ምስክር ሳይሆን ጠበቃ ነው።

እንግዲህ በነዚህ የዕረፍት ወራት ድምፁን አጥፍተን እንመልከት፤ ስሕተቱንም ራሳችን እንቁጠር። ያን ጊዜም የወዳጃችን መንገዳገድ ካልታየን፣ አድልዎው ከተንታኙ አፍ ሳይሆን ከኛው ዐይን ነው።