ስህተቱ ለእኛ ሲያደላ

ልጆቼ፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ ገበያ ጤፍ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ብቻ አይቶ ዋጋ አይቆርጥም። እጁን እስከ ክርኑ ሰድዶ ከሥር ይዘግናል፤ መዳፉ ላይ ዘርግቶ እፍ ይላል፤ ገለባውን ከአፈሩ ይለያል። ክርክሩ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ደህና ሻጭም «ዝቀህ እይ» ይላል እንጂ አይቆጣም። በስልክ ፎቶ ውስጥ ግን እጅ አይገባም። በቴሌግራም የሚገዛ ሰው የሚገዛው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ያላየውን ሰው ቃል ጭምር ነው።

በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ብሩ ከሞጣ መርካቶ በቅጽበት ይደርሳል። ዕቃው ግን ዛሬም የሚመጣው በመኪና ነው፤ የአባይን በረሃ ወርዶ፣ ወጥቶ፣ ደጀን ደርሶ፣ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል። ብሩና ዕቃው እኩል አይጓዙም። የሰው ልጅ የሚፈተነው በዚያ መሃል ነው።

አንዲት እናት ከአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ምጣድ አዘዘች እንበል። ብሩን አስቀድማ አስገባች። ሻጩም ለአውቶቡሱ ረዳት ሰጥቶ የታርጋ ቁጥሩን ላከላት። መናኸሪያ ሄዳ ካርቶኑን ስትፈታ ምጣዱ ከመሃሉ ተሰንጥቋል። ሻጩ «ከእኔ እጅ ደህና ወጥቷል» ይላል። ረዳቱ «እኔ የተቀበልሁት እንደታሸገ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት ተናግረው ሊሆን ይችላል። ነገር የሚበላሸው ከዚህ ወዲያ ነው። ሻጩ ቁጥሯን ብሎክ ያደርጋል፤ ወይም እሷ በንዴት «ገመዱም የተቃጠለ ነው» ብላ ያላየችውን ትጨምራለች። ለተሰነጠቀ ምጣድ ስንጥቁ ይበቃዋል፤ ውሸት የጨመረ ሰው እውነቱን ራሱ ያረክሰዋል።

ስለዚህ ሻጭ ሆይ፣ ካርቶኑን ከማሸግህ በፊት ዕቃውን በቪዲዮ ቅረጸው። ገዢም ረዳቱ ፊት ፈትተሽ እዪ፤ ጉድለት ካለ እዚያው ፎቶ አንሺና ላኪ። ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውሃ ሲጎድል ተሻገር ይባላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ገዢው ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ለሻጩ ቶሎ እንዲያስታውቅ ያዛል። ወር ሙሉ እንጀራ ጋግሮበት «ሲመጣ የተሰበረ ነበር» ማለት አይሆንም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጣ በኋላ ደግሞ በስልክ የተጻፈ ቃል በስልክ በመጻፉ ብቻ ዋጋ አያጣም፤ «ዋናው ነው» ብለህ ጽፈህ ኮፒ ብትልክ ቃልህ ይመሰክርብሃል።

በእኛ አገር ሽምግልና «ኪሳራውን እኩል ተካፈሉት» ማለት ይቀናናል። እኔ አልወደውም። እውነቱ ሳይጣራ የተከፈለ ኪሳራ ሐቀኛውን ያስቀጣል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። አስተካክሎ ሳያሽግ የላከ ማን ነው፣ ከላይ ጆንያ የጫነበት ማን ነው፣ መጀመሪያ ይጠየቅ።

ግማሽ ዋጋ አይተው ለሚሮጡትስ? በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ከማለት በቀር ብዙ የምለው የለኝም። በሌላ በኩል ዝም ያለ ሻጭ ሁሉ ሌባ አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ለወራት ሲቋረጥ ስንቱ ቃሉን እንደያዘ ድምፁ ጠፋ። የሰው ፎቶ ለጥፎ «ሌባ» ከማለት በፊት ደውሉ፤ የሚያውቀውን ሰው ጠይቁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ የፈሰሰ ስም ግን አይለቀምም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ስለ ሻጭ ሌብነት ስናወራ ሁላችንም ጻድቅ ነን። ስህተቱ ለእኛ ሲያደላስ? መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተሳስቶ ሰው በሂሳቡ የሌለውን ብር ሲያወጣና ሲያስተላልፍ አደረ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ተናገረ። ከወሰዱት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ የተማሩ ልጆቻችን። አብዛኛው ብር ተመለሰ፤ ያልመለሱት ግን ስማቸውና ፎቷቸው በአደባባይ ተለጠፈ። ያን ሌሊት ማንም የማንንም በር አልሰበረም። ገንዘቡ ራሱ መጣ፤ ሰውም «ባንኩ ነው የተሳሳተው» ብሎ ልቡን አሳመነ።

ይኸው ነገር በትንሹ በየቤታችን አለ። አንድ ጫማ አዝዞ ሁለት ደርሶት ዝም ያለ፤ ዕቃውን ተቀብሎ «አልደረሰኝም» ያለ፤ በስልኩ የሠራውን የውሸት ስክሪንሾት ልኮ «ብሩን አስገብቻለሁ» ያለ። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ለጎረቤቱ የማያደርገው ሰው ነው። ያልታየ ነጋዴ ሰው አይመስለውም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ሲባል ባለቤቱ ያላያትን አደራም ይጨምራል፤ መርካቶ ያለው ልጅ ምናልባት ዕቃውን በዱቤ ያመጣ፣ የቤት ኪራዩን ከዚያ የሚከፍል የእኛው የጎጃም ልጅ ነው።

እናም ሁለት ከደረሰህ በዕለቱ ደውል። ከሻጩ ጋር ተስማምተህ አንዱን በዚያው መኪና መልስ፤ ወይም ዋጋውን ከፍለህ አስቀረው። የመመለሻውን ኪራይ ግን ላኪው ይክፈል፤ የተሳሳተው እሱ ነውና፤ ይህን መጠየቅ ነውር የለበትም።