በመካከል ያለው አቧራ

ከአንድ ነገር ወደ ዓይናችን የሚደርሰው ብርሃን የነገሩ ሙሉ ብርሃን ነውን? ይህ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ጥያቄ ቢመስልም፣ ባልንጀራውን ለሚመዝን ሁሉ የሕሊና ጥያቄ ነው።

በዊንጌት በበጋ ወራት አቧራ ሲነሣ ፀሐይ ደብዝዛና ቀልታ ስትጠልቅ እናያለን፤ ፀሐይ ደከመች የሚል ግን የለም። ከበላያችን በእንጦጦ ተራራ፣ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የቆሙት ሁለት ቴሌስኮፖች ከዚህ አቧራ ከፍ ብለዋል። ይሁን እንጂ በከዋክብት መካከልም እጅግ የላመ አቧራ አለ። ሮበርት ትረምፕለር የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1930 ይህ አቧራ የሩቅ ከዋክብትን ብርሃን እንደሚያደክም አስረዳ። ከፍኖተ ሐሊብ ማእከል ወደ እኛ ከሚጓዘው የሚታይ ብርሃን የሚደርሰን ከሚሊዮን ሚሊዮን አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው።

ብዙዎቹ ጋላክሲዎች እንደ ሰፌድ የተዘረጉ ናቸው፤ አቧራውም በመካከላቸው በስሱ ተነጥፎአል። ፊት ለፊት ስናያቸው ብርሃናቸው በአቧራው ውስጥ የሚሄደው መንገድ አጭር ነው፤ በጠርዛቸው በኩል ስናያቸው ግን መንገዱ ስለሚረዝም ደብዝዘውና ቀልተው ይታዩናል። ስለዚህ እኩል የሚያበሩ ሁለት ጋላክሲዎች፣ እኛ ባለንበት አቅጣጫ ምክንያት ብቻ፣ የሚበላለጡ ይመስሉናል።

ታዲያ ሊቃውንቱ ምን ያደርጋሉ? የጋላክሲውን ዘንበል ማለት ይለካሉ። አቧራ ከቀዩ ይልቅ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚይዝ፣ ከቀለሙ የአቧራውን መጠን ይገምታሉ። አቧራው የዋጠው ብርሃንም ታኅተ ቀይ በሚባል በዓይን በማይታይ ጨረር ተመልሶ ስለሚወጣ፣ የጎደለውን በዚያ ይፈልጋሉ። ነገር ግን ያልነበረ ብርሃን አይጨምሩም፤ በእውነት ደካማ የሆኑ ጋላክሲዎችም አሉና።

ውድ አንባብያን፣ ፍትሕና ፍቅር የሚገናኙት በዚህ ላይ ይመስለናል። በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ከኋላ ተቀምጦ የማይመልስ ሕፃን አለ። ሰነፍ ነው ብለን ከመፍረዳችን በፊት ቁርስ በልቶ እንደ መጣ፣ እኛ የምናስተምርበት ቋንቋ በቤቱ የሚነገር እንደ ሆነ ጠይቀናልን? ወይስ ሁልጊዜ የምናየው ከአንድ ወገን ብቻ ነው? ይህን መጠየቅ ድካሙን መሸፈን አይደለም። ያላጠናውን አጥንቷል ማለት ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ ልጁን አይረዳውም። ከመመዘን ማምለጥ አንችልም፤ መምህር ይመዝናል፣ ወላጅም ይመዝናል። ግዴታችን በመካከል ያለውን አቧራ ሳንለካ በሰው ብርሃን ላይ አለመፍረድ ነው።