ዘቡ የማን አማና ነው?

ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

አማና ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን በአደራ የተሰጠ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ሥልጣንም አማና ነው፤ ሕዝብ ለክፉ ቀን ይሆነኛል ብሎ ያቆመው ዘብም አማና ነው። አንድ ሰፈር አዋጥቶ የገዛውን የእድር ድንኳን ዳኛው ለሩቅ ሰፈር አውሶት ሳለ ከጎረቤት ሰው ቢሞት፣ «ድንኳኑ አልጠፋም፤ ይመለሳል» የሚለው መልስ ኀዘንተኛውን ከዝናብ ያስጠልለዋልን?

ይህ ነገር በትልቅ አገር ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ከአሜሪካ እንመልከት። በዚያ እያንዳንዱ ግዛት ናሽናል ጋርድ የሚባል ተጠባባቂ ጦር አለው። አባላቱ በአዘቦቱ ቀን አስተማሪ፣ ሾፌር፣ ነጋዴ ናቸው። ጎርፍ ወይም እሳት ሲነሳ የግዛቱ ገዥ ይጠራቸዋል፤ ለጦርነት ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ሊወስዷቸው ይችላሉ። አንድ ዘብ፣ ሁለት አዛዥ!

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንዳንድ ገዥዎች ሰዎቻቸው ለልምምድ ወደ ማዕከላዊ አሜሪካ መላካቸውን ተቃወሙ። ምክር ቤቱም በ1986 ይህን ተቃውሞ የሚገድብ ሕግ አወጣ። የሚኒሶታው ገዥ ሩዲ ፐርፒች ጉዳዩን ለፍርድ ቢያቀርቡም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1990 በሙሉ ድምፅ ፈረደባቸው። ሆኖም ልምምዱ ዘቡ በግዛቱ ውስጥ ለድንገተኛ አደጋ የመድረስ አቅሙን የሚያውክ ከሆነ ገዥው እንቢ ሊሉ እንደሚችሉ ያው ፍርድ ቤት አመልክቷል። ይህ በር የተተወው ግን ለልምምድ እንጂ ለጦርነት ጥሪ አልነበረም።

ከዚያም ነሐሴ 2005 መጣ። ካትሪና የተባለው ማዕበል በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ሲወርድ የኒው ኦርሊንስ የጎርፍ መከላከያ ግንቦች ተደረመሱ፤ ከከተማይቱ አምስት እጅ አራቱ በውኃ ተዋጠ። ሰዎች በጣሪያቸው ላይ ሆነው ጀልባና ሄሊኮፕተር ሲጠብቁ፣ ሦስት ሺህ ያህል የሉዊዚያና ጋርድ አባላት ኢራቅ ውስጥ ነበሩ። የጎረቤቲቱ ሚሲሲፒ ሰዎችም በሺዎች እዚያው ነበሩ። በአደጋው ከ1300 በላይ ሰዎች ሞቱ። በ2007ም ግሪንስበርግ የተባለችውን ከተማ አውሎ ነፋስ ሲያወድማት፣ የካንሳስ ገዥ ካትሊን ሲቤሊየስ የዘቡ መኪናና መሣሪያ በኢራቅ መቅረቱን በይፋ ተናገሩ።

ፍትሕ እንድንናገር ታዘናልና ሌላውንም ወገን እናሰማ። የዋሽንግተን ባለሥልጣናት በአገር ቤት በቂ ኃይል ነበር ብለው ተከራክረዋል። ከሃምሳ ሺህ በላይ ዘቦች ከየግዛቱ ለእርዳታ መድረሳቸውም እውነት ነው፤ የዘገየበትም ምክንያት ብዙ ነበር። ነገር ግን የናሽናል ጋርድ የበላይ ኃላፊ የነበሩት ጄኔራል ስቲቨን ብለም ራሳቸው በኢራቅ ያሉት አለመኖራቸው ምናልባት አንድ ቀን ያህል ሳያዘገይ እንዳልቀረ ተናግረዋል። አንድ ቀን! ውኃው አንገቱ ለደረሰ ሰው አንድ ቀን ስንት ነው?

ሕግ መፍቀዱ አንድ ነገር ነው፤ አማናን መወጣት ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ እረኛ ስለ መንጋው እንደሚጠየቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ መዲናና አካባቢዋ በድርቅ በተመቱ ጊዜ፣ የኸሊፋው የዑመር (ረ.ዐ.) ጦሮች በሩቅ ድንበር ላይ ነበሩ። እርሳቸው ግን ከድል ዜና ይልቅ የረሃብተኛውን ድምፅ አስቀደሙ። ለየአገሩ ሹሞቻቸው ጽፈው እህል የጫኑ ግመሎች ወደ መዲና እንዲመጡ አደረጉ፤ ሕዝቡ እስኪጠግብም ከቅቤና ከሥጋ ተከለከሉ። ወታደር ከቤተሰቡ ተለይቶ የሚቆይበትን ጊዜ በወራት መወሰናቸውም ይነገራል። ሩቁን ድንበር አልተዉም፤ ነገር ግን ሩቁ የቅርቡን ሐቅ እንዲበላ አልፈቀዱም።

እንግዲህ ዘብ ወደ ሩቅ የሚልክ መሪ ሁሉ ሦስት ጥያቄ አለበት፦ በቤት ለሚነሳው እሳት ማን ቀረ? የተወሰደው መሣሪያ በምን ተተካ? የሄደውስ መቼ ይመለሳል? መልስ ሳይዝ የላከ፣ የሰውን አደራ ለሌላ ያዋሰ ነው።

እኛም ጦር ባናዝ እረኝነቱ አይቀርልንም። ጉልበታችንን፣ ጊዜያችንንና ገንዘባችንን ለሩቅ ጉዳይ ስናውል በራችን ላይ የወደቀውን ጎረቤት እንይ። ለሩቁ ማዘን መልካም ነው፤ በቅርቡ ሐቅ የተከፈለ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይቀራል።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን፤ በየአገሩ በውኃና በእሳት የተጨነቁትን ይድረስላቸው። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።