የትንሿ መንገድ እውነት

ሞዴል ባቡር የሚሠራ ሰው ሐዲዱንና ፉርጎውን ገዝቶ ይገጥማል፤ በአጠገቡ የሚያልፈውን መንገድ ግን አብዛኛውን ጊዜ በገዛ እጁ ነው የሚያበጀው። ጀሶ አፍስሶ ጥቁር ቀለም ቢቀባው መንገድ አይመስልለትም። አስፋልት ፀሐይና አቧራ ሲፈራረቁበት ወደ ግራጫ ይነጣል፤ መሃሉ ከፍ ብሎ ዝናቡን ወደ ግራና ቀኝ ቦይ ይሰዳል፤ ጎማ የሚመላለስበት ይለሰልሳል፤ አዲስ የተደፈነ ጉድጓድ ከዙሪያው ጠቁሮ ይታያል። ሠሪው ይህን ሁሉ በብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ያመጣዋል። ታዲያ ማንም ያልረገጠውን መንገድ የተረገጠ ማስመሰል እውነት ነው ወይስ ማታለል? እኔ እውነት ሊሆን ይችላል ባይ ነኝ፤ ያውም ምስሉ የሚታየውን መልክ ብቻ ሳይሆን ያንን መልክ ያመጣውን ድካም ከመሰከረ።

ይህን ለመመርመር ከደብረ ታቦር የተሻለ ስፍራ አላውቅም። ከተማዋ ራሷ ጌታ ብርሃነ መለኮቱን በገለጠበት በገሊላው ተራራ ስም ትጠራለች። ከእሷ በስተ ምሥራቅ፣ ላሊበላ ላይ፣ ዮርዳኖስ የሚባል ወንዝና ጎልጎታ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አሉ። የላሊበላው ዮርዳኖስ ከእስራኤሉ ጋር በስፋት ይተካከላል ብሎ የሚሟገት ምእመን የለም፤ ምስሉ የሚመዘነው ልቡናን ወዴት እንደሚመራ ነው። «የተቀረጸ ምስል አታድርግ» የሚለው ትእዛዝ ይጠቀስ ይሆናል። ነገር ግን ትእዛዙ የሚከለክለው ምስሉን አምላክ ማድረግን ነው፤ ቅዱስ ባስልዮስም ለምስል የሚሰጥ ክብር ወደ ባለቤቱ እንደሚያልፍ አስተምሯል። እንግዲህ የመንገድ ምስልም ወደ ባለቤቱ ማሳለፍ አለበት። የመንገድ ባለቤት ደግሞ የቆፈረውና የሄደበት ሰው ነው።

አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ የሴባስቶፖል ምስል ቆሟል። ዋናው መድፍ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ሲሆን፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ከአገሬው ሠራተኞች ጋር የሠሩት ነው። ቅጂው የመድፉን ቅርጽ በደንብ ያሳያል፤ መንገዱን ግን አያሳይም፤ ለእኔ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ መድፉ የሚያልፍበት መንገድ አልነበረም። ዐለቱ በባሩድ ተፈረካከሰ፤ ገደሉ ተደልድሎ ጥምዝምዝ መውረጃ ወጣለት፤ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ አነሡ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ጎትተውት፣ በጨጨሆ አድርጎ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ተሻግሮ መቅደላ እስኪደርስ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ሲሠዉ መድፉ አላዳናቸውም። መንገዱ ግን አገልግሏል፤ ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦርም ሁለቱን ሸለቆዎች ሲሻገር በዚያው መንገድ ተጠቅሟል። በእኔ ሚዛን ትልቁ ሥራ መንገዱ ነው።

ይህን መንገድ በጠረጴዛ ላይ ለመሥራት የሚነሣ ሰው ወዲያው ከአንድ ችግር ጋር ይጋጠማል። ሞዴል ባቡር በብዛት በሚሠራበት 1 ለ 87 መጠን፣ ሰባት ሜትር መንገድ ስምንት ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ አንድ ሺህ ሜትር የሚወርድ ሸለቆ ግን ከአሥራ አንድ ሜትር በላይ ቁመት ይፈልጋል። ሸለቆው አሥር ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ቢያሳንሰው፣ መንገዱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ቀጥኖ ከዓይን ይጠፋል። ስለዚህ መንገዱን ከልኩ በላይ ማስፋት ግድ ነው። ይህ ውሸት አይባልም ወይ? ካርታ ሠሪ ሁሉ ያደርገዋል፤ ማስፋቱን እስከተናገረ ድረስ ያታለለው ሰው የለም። በሰው ሠራሽ እርጅናም ነገሩ እንዲሁ ነው። አዲስ ብራና በጭስ አጥቁሮ «የዐፄ ዳዊት ዘመን ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ይዋሻል፤ ለተመልካች «ሠርቼዋለሁ» ብሎ የሚያሳይ ግን አይዋሽም። ልዩነቱ በቀለሙ ሳይሆን በሐሳቡ ነው።

ከዚህ የከበደ ተቃውሞ አለ። የበጌምድር ገበሬ በዚያ ዘመን ተዘርፏል፣ ቤቱ ተቃጥሏል፤ እንዲህ ያለውን መንገድ አሳምሮ በትንሹ መሥራት መከራን ማስጌጥ ነው የሚል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ መልሱም መንገዱን መተው አይደለም። የተቃጠለው ከተማ በጠረጴዛው መነሻ ላይ ይታይ፤ ገመድ ጎታቾቹ ከመድፉ ጎልተው ይታዩ። ምስል የሚዋሸው ባሳየው ብቻ አይደለም፤ ዝም ባለውም ይዋሻል። ዛሬ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ ወደ ወልዲያ የሚዘልቀውን መንገድ የሚሠራም ቢሆን፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ ውጭ በገረጋንቲው ላይ አህያና ፈረስ የሚነዱ ሰዎች ያወጡትን ቀጭን ዱካ ካልጨመረበት፣ ያንን መንገድ አልሠራም።

የደብረ ታቦር የታሪክና የጂኦግራፊ መምህራን ሆይ፤ ጀሶ፣ አሸዋና የካርቶን ቁራጭ ከተማሪዎቻችሁ አቅም በላይ አይደሉም። ከጋፋት እስከ መቅደላ ያለውን መንገድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አሠሯቸው፤ መድፉንም መንገዱ ካለቀ በኋላ አስቀምጡት።