ወስዋስ፣ ወረርሽኝና የዉዱእ ውሃ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሱረቱ አን-ናስን ያልሐፈዘ ሙስሊም ማግኘት ያስቸግራል። በውስጧ ከወስዋስ ክፋት በአላህ እንጠበቃለን። ስንቀራት ግን አብዛኞቻችን የምናስበው ወደ ወንጀል የሚገፋፋውን ጉትጎታ ብቻ ነው። በዒባዳ በር የሚገባ፣ «አልጠራህም፣ ድገም» እያለ ሰውን ከቧንቧ ሥር አቁሞ የሚያውል ወስዋስ መኖሩን በደንብ የሚያውቀው የደረሰበት ነው። እኔም ከደረሰባቸው አንዱ ነኝ። ሐኪሞች ኦብሰሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር ይሉታል። ይኸውም ሰው ሳይፈልገው እየተመላለሰ የሚያስጨንቅ ሐሳብና ጭንቀቱን ለማስታገስ ሲባል ደግሞ ደጋግሞ የሚፈጸም ድርጊት ነው። ከመቶ ሰው ከ1 እስከ 3 የሚሆነው በዕድሜው ዘመን ያገኘዋል። እንግዲህ 1000 ሰው በሚሰግድበት ጁሙዓ ውስጥ ቢያንስ ዐሥሩ ምን እንደምል ያውቃሉ ማለት ነው። አጠገብ ለአጠገብ ቆመን አንነጋገርም እንጂ!

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ከዚያ ወዲያ ስልክ ስንደውል እንኳ ከጥሪው በፊት ስለ በሽታው የሚያስጠነቅቅ ድምፅ ይቀድመን ጀመር። በየሱቁ ደጃፍ ጀሪካንና ሳሙና ተቀመጠ። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ብዙ ነፍስም አድኗል። ለባለ ወስዋስ ግን ያ ወቅት ጠላቱ ምስክር ያገኘበት ወቅት ነበር። ለዓመታት «ቆሻሻ ነክቶሃል» ሲለኝ «ውሸትህን ነው» እያልኩ ስታገለው ኖሬ፣ አሁን ሬዲዮውም ጎረቤቱም ከእርሱ ጎን የቆሙ መሰለኝ። የብር ኖቱ፣ የታክሲው በር፣ የሰው እጅ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። ለዙህር ዉዱእ ገብቼ የዐስር አዛን እዚያው የሚያገኘኝ ቀን ነበር። እጄ በበረኪና ተሰነጣጥቆ ይደማል፤ ደሙ ደግሞ የነጃሳ ጥርጣሬ ይወልዳል፤ ጥርጣሬው ወደ ውሃው ይመልሰኛል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ በቤት ውስጥ ምን እንደሚያስከትል አንባቢ ይገምተው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የጀማዓው መቅረት ነበር። በ1441 ዓመተ ሂጅራ ረመዳን መስጂዶች ለጀማዓ ዝግ ስለነበሩ ተራዊሕን በየቤታችን ሰገድን። ብዙ ሰው ናፍቆቱን ሲናገር ሰምቻለሁ። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ጉዳቱ ከናፍቆት ያልፋል። ኢማሙ ሩኩዕ ሲወርድ ትወርዳለህ፣ ሲያሰላምት ታሰላምታለህ፤ «ነይቻለሁ ወይስ አልነየትኩም? ፋቲሓን በትክክል ቀርቻለሁ?» ብለህ የምትቆምበት ጊዜ አይሰጥህም። ሶፉ ይዞህ ይሄዳል። ብቻህን ክፍል ውስጥ ስትሰግድ ግን አላሁ አክበርን ስንት ጊዜ እንደምትደጋግም የሚያይህ አላህ ብቻ ነው።

በዚያን ጊዜ ችግሬን ያዋየሁት አንድ ሰው «ኢማንህ ስለደከመ ነው» አለኝ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ይህ አባባል በኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ነገር ግን ዑስማን ኢብን አቢል-ዓስ (ረ.ዐ) ሸይጧን በእርሱና በሶላቱ መካከል እየገባ ቂርአቱን እንደሚያምታታበት ለአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ባሳወቀ ጊዜ፣ ስለ ኢማን ድክመት የነገሩት ነገር የለም። የሚያስቸግረው ኸንዘብ የሚባል ሸይጧን መሆኑን ነገሩት፤ በአላህ እንዲጠበቅና ወደ ግራው ሦስት ጊዜ እንትፍ እንዲል አስተማሩት። እርሱም ይህን አድርጎ አላህ እንዳስወገደለት በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ሶሓባ ያልዳነበትን ፈተና እኛ የማናፍርበት መሆን ነበረበት።

ወስዋስ ዲንንም ሕክምናንም ምክንያት አድርጎ ቢመጣም ሁለቱም ከእርሱ ጋር አይደሉም። ሁለቱም «በቃ» ይላሉ። የጤና ባለሙያዎች ያዘዙት 20 ሰከንድ ነው፤ አንድ ሰዓት አላሉም። የዉዱእ መጨረሻው ሦስት ጊዜ ነው፤ ከዚያ የጨመረ ሰው ክፉ መሥራቱንና መበደሉን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። እርሳቸው ራሳቸው በአንድ ሙድ፣ ማለትም በሁለት መዳፍ ተሰብስቦ በሚታፈስ መጠን ዉዱእ ያደርጉ ነበር። ዉዱኡ መፍረሱን የተጠራጠረ ሰውም ድምፅ ካልሰማ ወይም ሽታ ካላገኘ ሶላቱን እንዳያቋርጥ አዘዋል። ፉቀሃዎቻችን እርግጠኝነት በጥርጣሬ አይነሳም የሚለውን ቃዒዳ ሲያብራሩ ይህን ሐዲስ ያነሳሉ። ልብ በሉ፣ «ልብህ እስኪረጋጋ ድረስ እጠብ» አልተባለም። የባለ ወስዋስ ልብ በውሃ አይረጋጋም። ሳይረጋጋ መስገድ ነው ያለበት።

ጥንቃቄ ማድረግ ሌላ፣ ወስዋስ ሌላ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በተባለ ቦታ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሰዎችን አማከሩ፣ ለመመለስም ወሰኑ። ከአላህ ቀደር መሸሽ ነውን ተብለው ሲጠየቁ ከአንዱ ቀደሩ ወደ ሌላው ቀደሩ መሄዳቸው እንደሆነ መለሱ። ከዚያም ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) በጉዳዩ ላይ የሰሙትን ሐዲስ ሲነግሯቸው አላህን አመስግነው ተመለሱ። አንዴ መረመሩ፣ አንዴ ወሰኑ፣ ሄዱ። ወስዋስ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ሰርግ ላይ በቆሙ ነበር።

ሐኪም ዘንድ መሄድን ከዲን መሸሽ አድርገው የሚያዩ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ከዛሬ ሺህ ዓመት በፊት በ322 ዓመተ ሂጅራ የሞተው አቡ ዘይድ አል-በልኺ መሷሊሑል አብዳን ወል-አንፉስ በተሰኘው መጽሐፉ ስለ አካልም ስለ ነፍስም ጤና ጽፏል፤ ወስዋስንም ከቁጣ፣ ከፍርሃትና ከሐዘን ለይቶ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ኢብን ቁዳማ አል-መቅዲሲም በጦሃራ ወስዋስ ላይ ራሱን የቻለ ድርሰት አላቸው። ዛሬ ደግሞ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች አሉ። የሚፈራውን ነገር በባለሙያ እየታገዙ ነክቶ፣ ሳይታጠቡ ቆይቶ ጭንቀቱ በራሱ እስኪበርድ መታገስን የሚያለማምድ ሕክምናም አለ። ይህ ሁለተኛው ለእኔ ከፉቀሃዎቹ ምክር ብዙ የራቀ ሆኖ አልታየኝም። ሩቅያ የሚቀራበት ሰው አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ አይከለከልም፤ የሄደውም ሩቅያውን አይተው።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ያወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም ነበር። ጀሪካኖቹ ከየደጃፉ ተነሱ፤ የአንዳንዶቻችን እጅ ግን ከቧንቧው አልተነሳም። ስለዚህ ለኢማሞቻችንና ለኡስታዞቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ባለ ወስዋስ ስለ ዉዱኡ ሲጠይቃችሁ አንድ ጊዜ መልሱለት፤ «ዉዱእህ ሶሒሕ ነው፣ ሂድና ስገድ» በሉት። በማግስቱ ያንኑ ይዞ ሲመጣ እንደገና በዝርዝር አታስረዱት። እዝነት ይመስላል፤ ሆኖም ማረጋገጫውም እንደ ውሃው ሱስ ይሆንበታል። ቤተሰቡም «እውነት ነክቶኛል?» ሲል በየደቂቃው ባይመልስለት ይሻላል። ሳይቆጡት፣ ሳይስቁበት፣ እጁን ይዘው ወደ ሶፉ ያስገቡት።