የጣራው መከታ

የስብከቱ ክፍል፤ ኦሪት ዘዳግም 22፥8። ተጨማሪ ንባብ፤ 1ኛ ሳሙኤል 4፥12-18፤ የዮሐንስ ወንጌል 9፥1-3፤ 19፥31-37።



እግዚአብሔር በሙሴ እጅ ለሕዝቡ ከሰጣቸው ሥርዓቶች መካከል አንባቢ ብዙ ጊዜ ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ አጭር ትእዛዝ አለ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያቆም ያዝዛል፤ መከታ ሳያቆም ቀርቶ ሰው ከዚያ ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በዚያ ቤት ላይ እንደሚሆን ያስጠነቅቃል። በዚያ አገር የቤት ጣራ ጠፍጣፋ ነበረ፤ ረዓብ የተልባ እግር አስጥታበት ነበር፥ ጴጥሮስም ሊጸልይ ወደ ጣራ ወጥቷል። እንግዲህ አስተውሉ፤ እግዚአብሔር ለወደቀው አልቅሱለት ብቻ አላለም፤ ሳይወድቅ አስቡለት አለ እንጂ። ፍቅር ከልቅሶ በፊት ሥራ አላት።

ይህን ቃል በኮሎሎ ሆኖ የሚያነብ ሰው ምሥጢሩ ቶሎ ይገባዋል። ኮሎሎ ከካምፓላ ኮረብታዎች አንዱ ነው፤ ኡጋንዳ ነፃነቷን ባገኘችበት ዕለት፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ጥቅምት 9 ቀን 1962፥ ሰንደቅ ዓላማዋ የተሰቀለው በዚያ ሜዳ ነው። ዛሬ በኮረብታው ላይ ኤምባሲዎችና ትልልቅ ቤቶች ቆመዋል፤ መሬቱም ዳገትና ቁልቁለት ስለ ሆነ የብዙዎቹ ቤቶች መግቢያ ደረጃ ነው። በካምፓላ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ውስጥ ሥራ ይዘው፥ ቤት ተከራይተው፥ እናታቸውን ወይም አባታቸውን ከደጋው አገር አስመጥተው የሚጦሩ አሉ። ይህ መልካም ነው፤ እግዚአብሔርም ይባርካቸው።

ነገር ግን እንዲህ ያሉት እናት ኑሯቸው እንዴት እንደ ሆነ እናስብ። በአገራቸው ሳሉ ወደ ገበያና ወደ ጸሎት ቤት በእግራቸው ይመላለሱ ነበር። እዚህ ግን ወለሉ የሚያንሸራትት ነው፤ ልጆች ወደ ሥራ ሲሄዱ በሩ ይዘጋል፤ ቋንቋውን ስለማያውቁም ከደጅ አይወጡም። ፀሐይ ሳይነካቸው፥ እግራቸውም ሳይፍታታ ቀኑ ይመሻል። በሌሊት ሲነሡ «ልጆቼን እንዳልቀሰቅስ» ብለው መብራት ሳያበሩ በጨለማ ይሄዳሉ። አንድ ሌሊትም ይወድቃሉ። ከጣራ አልወደቁም፤ ከገደልም አልወደቁም፤ ከቁመታቸው ብቻ ወደቁ፥ ነገር ግን የዳሌአቸው አጥንት ተሰበረ።

ይህ ስለ ምን ይሆናል? አጥንት እንደ ድንጋይ ሕይወት የሌለው ነገር አይደለም። ፈጣሪ በውስጡ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አኑሮበታል፤ አንደኛው ያረጀውን ያፈርሳል፥ ሁለተኛው አዲሱን ይሠራል። በልጅነትና በጎልማሳነት የሚሠራው ከሚፈርሰው ይበልጣል፤ አጥንትም እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ገደማ እየበረታ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ቀስ በቀስ ይለወጣል፤ በሴቶችም ላይ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የሚፈርሰው እጅግ ይፈጥናል። አጥንቱ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ይሳሳል። ሐኪሞች ይህን ኦስቲዮፖሮሲስ ይሉታል። ሳይሰበር በፊት አያምም፤ ስለዚህም ብዙዎች መታመማቸውን የሚያውቁት በወደቁ ቀን ነው።

በዓለም ላይ 50 ዓመት ካለፋቸው ሴቶች ከ3 አንዷ፥ ከወንዶችም ከ5 አንዱ በቀረው ዕድሜያቸው በዚህ ምክንያት አጥንታቸው እንደሚሰበር ሊቃውንት ይገምታሉ። የእጅ አንጓ ይሰበራል፤ የጀርባ አጥንት ተጨፍልቆ ሰውን ያጎብጠዋል፥ ቁመቱንም ያሳጥረዋል። ከሁሉ የሚከፋው የዳሌ ስብራት ነው፤ ይህ ከደረሰባቸው ሽማግሌዎች ከ5ቱ አንዱ ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞታል፥ ከሚተርፉትም ብዙዎቹ እንደ ቀድሞው አይራመዱም። ቀድሞ ይህ የአውሮፓውያን በሽታ ነው ይባል ነበር። ነገር ግን አጥንትን የሚመዝነው መሣሪያ በአገሮቻችን ጥቂት ስለ ሆነ ያልተቈጠረው ሁሉ የለም ማለት አይደለም። በዓለም ዙሪያ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 አንድ ቢልዮን ነበሩ፤ በ2050 ከሁለት ቢልዮን እንደሚበልጡ ይጠበቃል። ዕድሜ ሲረዝም ይህ ሸክም ወደ እኛም ቤት ይገባል።

ወገኖቼ ሆይ፤ ከስብራቱ ይልቅ ልብን የሚያቆስል ጥያቄ አለ። በአልጋ ላይ የተኙት አባት «ምን በድዬ ነው?» ይላሉ። ጎረቤትም በሹክሹክታ «ምን ቢያደርጉ ነው?» ይላል። አንዳንዱም ካህኑን ዔሊን ያነሣል። ዔሊ የ98 ዓመት ሽማግሌ ሳለ ታቦቱ መማረኩን በሰማ ጊዜ ከመቀመጫው ወደ ኋላ ወድቆ አንገቱ ተሰብሮ ሞተ። በቤቱ ላይ ፍርድ ተነግሮ እንደ ነበር እውነት ነው። ነገር ግን መጽሐፍ ስለ አወዳደቁ ሲናገር የሚጠቅሰው ሽምግልናውንና የሰውነቱን ክብደት ነው። እግዚአብሔር በነቢይ አፍ ባልተናገረበት ስፍራ እኛ ፍርድ ተናጋሪዎች አንሁን። ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ሰው ኃጢአት የማን እንደ ሆነ በጠየቁ ጊዜ ጌታችን ጥያቄያቸውን አልተቀበለም፤ የእግዚአብሔር ሥራ በእርሱ እንዲገለጥ ወደሚሆነው ነገር ዓይናቸውን መለሰው እንጂ። እኛም በወደቁት እናት ፊት ቆመን የምንጠይቀው «ማን በደለ?» ብለን ሳይሆን «አሁን ምን እናድርግላቸው?» ብለን ይሁን።

በካቴኪዝማችን አራተኛው ትእዛዝ አባትንና እናትን እንድናከብር ያዝዘናል። ክብር የሚፈጸመው ከመቀመጫ በመነሣትና ጉልበት በመሳም ብቻ ነውን? የእናቱን ጉልበት ስሞ ደረጃውን ያለ መደገፊያ የሚተው ልጅ ትእዛዙን በግማሽ ፈጽሟል። እንግዲህ መከታው ምን እንደ ሆነ በግልጥ እንነጋገር።

አስቀድሞ ቤታችሁን ተመልከቱ። ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት ሌሊት የሚበራ መብራት ይኑር። በደረጃውና በመታጠቢያው ስፍራ እጅ የሚይዘው ብረት ወይም እንጨት ይተከል። የሚንሸራተት ምንጣፍ ይነሣ፤ የፈሰሰ ውኃ ወዲያው ይጠረግ። ዓይናቸው የደከመ እንደ ሆነ ይመርመሩ፤ የሚወስዱት መድኃኒት ራስ የሚያዞር እንደ ሆነም ሐኪሙን ጠይቁ።

ሁለተኛ፥ ማዕዳችሁን ተመልከቱ። አጥንትን የሚገነባው ካልሲየም በወተት፥ በጤፍና በጎመን ይገኛል። ከሁሉም ይልቅ ደሀ ቤት የማያጣው ዳጉሳ በዚህ የበለጸገ ነው፤ እርሱንም የኡጋንዳ ሰዎች እንደ እኛ ለገንፎና ለአጥሚት ያውቁታል። ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣውና ሙኬኔ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ከነአጥንቱ ስለሚበላ ይጠቅማል። ሰውነታችን ካልሲየሙን እንዲቀበል ቪታሚን ዲ ያስፈልገዋል፤ ይህንም ቆዳችን ከፀሐይ ያገኘዋል። ካምፓላ ከምድር ወገብ አጠገብ ሆና፥ ፀሐይም በነፃ ስትወርድ፥ ሽማግሌውን በመጋረጃ ውስጥ መዝጋት የሚያሳዝን ነገር ነው። ክንዳቸውን ይዛችሁ በየቀኑ አራምዷቸው፤ የማይሠራ እግር አጥንቱም ጡንቻውም ይደክማልና። ትምባሆና ብዙ መጠጥም አጥንትን ይጎዳሉ። ወጣቶች ሆይ፤ ይህ ለእናንተም ይነገራል፤ በሽምግልና የምትደገፉበትን አጥንት የምትሠሩት ዛሬ ነውና።

ሦስተኛ፥ ሰው በወደቀ ጊዜ አትዘግዩ። ወጌሻዎቻችን ለብዙ ዘመን ሕዝብን አገልግለዋል፤ ሙያቸውንም አንንቅም። ነገር ግን የተሰበረ እግር በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ደሙ ይቆምና እግሩ ሞቶ የተቆረጠበት ጊዜ በአገራችን ብዙ ነው። የሽማግሌ ዳሌ በማሸት አይድንም። ብዙውን ጊዜ ቶሎ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፤ ለሳምንታት በአልጋ የተተወ ሽማግሌ የአልጋ ቁስል፥ የሳንባ ምችና የደም መርጋት ይዞት ይሞታልና። ከኮሎሎ አጠገብ ባለው በሙላጎ ሆስፒታል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት ሮናልድ ሃክስቴፕ የተባለ የአጥንት ሐኪም በፖሊዮ ምክንያት በምድር ይሳቡ ለነበሩ ሕፃናት ርካሽና ቀላል የእግር መደገፊያ እያሠራ ብዙዎችን አቆመ። ሰውን ለማቆም ሁልጊዜ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስብ ሰው ግን ያስፈልጋል።

ማኅበረ ምእመናን ሆይ፤ የጸሎት ቤታችን ደረጃ መደገፊያ አለውን? መዝሙር ስንዘምር ሁሉ እንዲቆም ስናዝዝ፥ ተቀምጠው ቢዘምሩ እንደማያሳፍር ለሽማግሌዎች ነግረናልን? ወጣቶቻችን ቀን ብቻቸውን ለሚውሉት አረጋውያን በየሳምንቱ መጽሐፍ ቢያነቡላቸው፥ እስከ በሩ ድረስም ደግፈው ቢያወጧቸው፥ ይህ ከረጅም ስብከት የሚበልጥ ወንጌል ይሆናል።

አሁንም ቃሌን ወደ እናንተ፥ ወደ ወደቃችሁትና ወደ ተኛችሁት አባቶችና እናቶች እመልሳለሁ። «ለልጆቼ ሸክም ሆንሁ» ትላላችሁ። እግዚአብሔር ግን በኢሳይያስ 46 ሕዝቡን ከማኅፀን ጀምሮ እስከ ሽበት ድረስ እንደሚሸከም ይናገራል። መሸከም የአምላካችሁ ሥራ ከሆነ፥ ልጆቻችሁ ሲሸከሟችሁ የአባታቸውን ሥራ ይሠራሉና አትፈሩ። ምርኩዝ መያዝም አያሳፍራችሁ። ያዕቆብ ከእግዚአብሔር ጋር ከታገለ በኋላ በዳሌው ያነክስ ነበር፤ በመጨረሻ ዘመኑም በምርኩዙ ላይ ተደግፎ ሰገደ። አነከሰ፥ ነገር ግን የተባረከ ነበረ።

የሁላችንም የመጨረሻው መከታ ክርስቶስ ነው። ወታደሮቹ ከእርሱ ጋር የተሰቀሉትን ጭናቸውን ሰበሩ፤ ወደ እርሱ በመጡ ጊዜ ግን ሞቶ አገኙትና እንደ ፋሲካው በግ አጥንቱ ሳይሰበር ቀረ። እርሱ ስለ ኃጢአታችን በፈቃዱ ነፍሱን ሰጠ፤ በሦስተኛውም ቀን ተነሣ። ስለዚህ የእኛ ሰውነት ተሰብሮ ወደ መቃብር ቢወርድም ተስፋችን አልተሰበረም፤ ጌታ የሚያስነሣው ይህንኑ የደከመ ሥጋ ነውና። በዚያ ቀን የሚወድቅ የለም። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ደረጃ አለ፥ ጨለማም አለ፤ የእጅ መደገፊያውን የምንተክለው እኛ ነን።

የምሕረት አባት ሆይ፤ ሽማግሌዎቻችንን በመውጣታቸውና በመግባታቸው ጠብቃቸው። የወደቁትን አጽናና፤ ቸል ያልነውን ይቅር በለን። ሳይረፍድ የምናይበትን ዓይን፥ የምንደግፍበትንም እጅ ስጠን፤ ስለ ልጅህ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ብለህ። አሜን።