የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ ከቡዌል ሞተር ሳይክል መዘጋት የምንማረው

ልጄ፣ የራስህን ሥራ ለመጀመር ደፋ ቀና ስትል ሳይህ ደስ ይለኛል። ደስታዬ ግን ስጋት አለበት። ሙያው አለህ፤ ሐሳቡም አለህ፤ የጎደለህ ገንዘብ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን ደስታው ስለሚያሸንፍህ ረጋ ብለህ አታስብም። ስለዚህ ለዚያ ሰው ምን እንደምትሰጠው፣ ምን እንደማትሰጠው ዛሬ ብታውቀው ይሻላል። ለዚህ የሚረዳህ የአንድ አሜሪካዊ መሐንዲስና የፋብሪካው ታሪክ አለ። ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እነግርሃለሁ፤ ታሪኩን ከልብህ ስማኝ።

ሰውየው ኤሪክ ቡዌል ይባላል። በ1950 ተወልዶ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ እርሻ ላይ አደገ። ጎረምሳ ሳለ በሞተር ሳይክል ይወዳደር ነበር። መካኒክ ሆኖ እየሠራ፣ ማታ ማታ እየተማረ ከፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ በምህንድስና ተመረቀ። በ1979 ደግሞ ሃርሊ-ዴቪድሰን ቀጠረው። ሃርሊ በ1903 የተመሠረተ፣ ለረጅም መንገድ የሚሆኑ ከባድ ሞተር ሳይክሎችን በመሥራት ስሙ የገነነ ድርጅት ነው። የቡዌል ልብ ግን ያለው ውድድሩ ላይ ነበር። የስፖርት ሞተር ሳይክል ገበያውን የጃፓን ድርጅቶቹ ሆንዳ፣ ያማሃ፣ ሱዙኪና ካዋሳኪ ይዘውታል። አሜሪካ የራሷ የሆነ ስፖርት ሞተር ሳይክል ለምን አይኖራትም ብሎ ተነሳ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደመወዙን ትቶ ከሃርሊ ወጣና አርደብልዩ750 የተባለች የውድድር ሞተር ሳይክል ሠራ። ሞተሯ ባርተን ከተባለ የእንግሊዝ ድርጅት የመጣ ነበር። የታለመችው ለአንድ የአሜሪካ የውድድር ዘርፍ ብቻ ነው። አንዷ ተሠርታ ለገዢ እንደተሸጠች የውድድሩ አዘጋጆች ያንን ዘርፍ ሰረዙት። የዓመታት ድካም የምትወዳደርበት ሜዳ አጣች።

እዚህ ላይ ቆም በል፣ ልጄ። ቡዌል አልሰነፈም፤ ሥራውም ብልሹ አልነበረም። የሥራው ዕጣ ግን በሌሎች ውሳኔ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እነሱ ደንቡን ሲለውጡ አላማከሩትም፤ ሊያማክሩትም አይገደዱም። የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው። ይህ ትምህርት በሕይወቱ ደግሞ ደጋግሞ እንደሚመጣበት ታያለህ።

ቡዌል ተስፋ አልቆረጠም። ፊቱን በመንገድ ላይ ወደሚነዱ ሞተር ሳይክሎች አዞረ። ለእነዚህም ሞተር ያስፈልጋል። ሞተር ነድፎ፣ ሞክሮ፣ ለምርት ማብቃት ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይበላል። እሱ የሚያውቀው በር የድሮ ቀጣሪውን በር ነበርና ሃርሊ ዘንድ የተረፉትን ኤክስአር1000 ሞተሮች ወስዶ በ1987 አርአር1000ን አወጣ። የተሠሩት ሃምሳ ያህል ብቻ ናቸው። እየቆየ ሥራው ታወቀለት። በ1993 ሃርሊ የድርጅቱን 49 በመቶ ድርሻ ገዛ። በ1998 ደግሞ ከሞላ ጎደል ሙሉውን ጠቀለለው። ቡዌል በስሙ የሚጠራውን ድርጅት መምራቱን ቀጠለ፤ ባለቤቱ ግን ሌላ ሆነ።

ይህን ስነግርህ ቡዌል ሞኝ ነበር እያልኩህ አይደለም። ያለ ሃርሊ ገንዘብ ጥቂት ሞተር ሳይክሎችን በእጁ ከሚገጣጥም የእጅ ባለሙያ አያልፍም ነበር። ከሃርሊ ጋር ሆኖ በዊስኮንሲን ግዛት ኢስት ትሮይ ከተማ ባለው ፋብሪካው ከ136 ሺህ በላይ ሞተር ሳይክሎች ሠራ። ይህ ትልቅ ፍሬ ነው። ፍሬው ግን ዋጋ ነበረው፤ ዋጋው የተከፈለው ደግሞ ቆይቶ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው።

ሙያውን እንድታከብርለት አንዱን ሥራውን ቀረብ ብለህ እየው። በ2002 ኤክስቢ9አር ፋየርቦልትን አወጣ። ከመቀመጫዋ ፊት ያለው ጉብታ የነዳጅ ሰልባቲዮ ይመስላል፤ ውስጡ ያለው ግን የአየር ማጣሪያው ነው። ነዳጁ የሚቀመጠው ውስጡ ክፍት በሆነው ወፍራም የአሉሚኒየም ሻንሲ ውስጥ ነው። የሞተር ዘይቱ የኋላውን ጎማ በያዘው ክንድ ውስጥ፣ ማርሚታው ደግሞ ከሞተሩ ሥር ነው። ክብደቱ ሁሉ ወደ መሃልና ወደ ታች ስለተሰበሰበ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ እንደልብ ትታጠፋለች። የፊት ፍሬኗም ልዩ ነው። የሌሎቹ ዲስክ ከጎማው መሃል ላይ ሲታሰር የእሷ አንድ ሰፊ ዲስክ ቸርኬው ዙሪያ ላይ ታስሯል። የፍሬኑ ኃይል በቀጥታ ቸርኬው ላይ ስለሚያርፍ ከመሃል ወደ ዳር የሚዘረጉት ክንዶች ቀለል ብለው መሠራት ቻሉ። ይህን ሁሉ ያሰበ ጭንቅላት ተራ ጭንቅላት አይደለም።

ሞተሩ ግን የሃርሊ ነው። የዘር ሐረጉ በ1957 ከወጣው ስፖርትስተር ይመዘዛል፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። የፋየርቦልት 984 ሲሲ ሞተር 92 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጥ ነበር። በዚያው ዘመን ጃፓኖቹ ከ600 ሲሲ ሞተር ከ100 በላይ ያወጡ ነበር። እንግዲህ ቡዌል ሻንሲውን፣ ፍሬኑንና የክብደቱን አቀማመጥ የቱንም ያህል ቢያስተካክል ሩጫው ላይ የሚጎትተው ሞተሩ ነበር። ሞተሩን እንዳሻው እንዳይለውጥ ደግሞ የሚወስነው እሱ አይደለም።

የመሸጫው ነገርም እንዲሁ ነው። የቡዌል ሞተር ሳይክሎች የሚሸጡት በሃርሊ አከፋፋዮች ሱቅ ነበር። እዚያ የሚገባው ደንበኛ ረጋ ብሎ ረጅም መንገድ መጓዝ የሚወድ ሰው ነው። ኩርባ ላይ ጉልበቱ አስፋልት እስኪነካ የሚታጠፍ ጎረምሳ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ሻጩም ቢሆን የሚያውቀውንና የሚያተርፈውን መሸጥ ይቀለዋል። ቡዌል የሃርሊ ስምና የሃርሊ ሱቅ ሲያገኝ የተመረቀ መስሎት ይሆናል። አባቶቻችን ግን የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ።

በመጨረሻ ከጃፓኖቹ ጋር የሚወዳደር ሞተር ተገኘ። ሮታክስ የተባለው የኦስትሪያ ድርጅት ሠርቶት በ2007 1125አር ወጣች፤ 146 ያህል የፈረስ ጉልበት ነበራት። በ2009 ዳኒ ኤስሊክ በዚችው ሞተር ሳይክል የአሜሪካን የዴይቶና ስፖርትባይክ ሻምፒዮንነት ወሰደ። ሰውየው ከሃያ ዓመት በላይ የለፋለት ነገር ፍሬ ያዘ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት 15 ቀን ሃርሊ ቡዌልን እንደሚዘጋ አስታወቀ።

ምክንያቱ ኢስት ትሮይ ውስጥ አልነበረም። በ2008 የፈነዳው የገንዘብ ቀውስ የሃርሊን ገበያ መትቶታል። ቡዌል መዘጋቱ በተነገረበት ቀን የወጣው የሦስት ወር ሒሳብ የሃርሊ ትርፍ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ጊዜ በ84 በመቶ መውረዱን አሳየ። በዚያው ዓመት ግንቦት ኪት ዋንደል የተባሉ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ከሌላ ኢንዱስትሪ መጥተው ነበር። እሳቸውም ድርጅቱ ሃርሊ በሚለው ስም ላይ ብቻ ያተኩራል አሉ። መዝጋቱ ራሱ 125 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያስወጣ ተገመተ። ወደ 180 የሚጠጉ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። ጥቅምቱ ሳያልቅ የመጨረሻዋ ሞተር ሳይክል ከመስመር ወጣች።

አሁን አንድ ነገር ልብ በል፤ የታሪኩ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ሃርሊ በዚያ ቀን የተሰናበተው ቡዌልን ብቻ አይደለም። በ2008 የገዛውን ኤምቪ አጉስታ የተባለ የጣሊያን ሞተር ሳይክል አምራችም እንደማይፈልገው አስታውቋል። ሁለቱም የስፖርት ሞተር ሳይክል ይሠራሉ፤ ሁለቱም የአንድ ጌታ ናቸው። ኤምቪ አጉስታ ግን ገዢ ተፈልጎለት በ2010 ለቀድሞ ባለቤቱ ለክላውዲዮ ካስቲሊዮኒ ተመለሰ፤ መሥራቱንም ቀጠለ። ቡዌል ተዘጋ።

ለምን? ኤምቪ አጉስታ የራሱ ሞተር፣ የራሱ ፋብሪካ፣ የራሱ ስም ነበረው። ከሃርሊ ቤት ሲወጣ ሙሉ አካሉን ይዞ ወጣ። ቡዌል ግን ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ከሃርሊ አሠራርና ከሃርሊ አከፋፋዮች ጋር ተገምዶ ኖሯል። ለይቶ ለመሸጥ እንኳ አስቸጋሪ ሆነ። እንግዲህ ልጄ፣ የተጣለ ሁሉ አይሞትም። የሚሞተው ሲጣል የሚቆምበት እግር የሌለው ነው።

ኤሪክ ቡዌል ስንብቱን በቪዲዮ ሲያሰማ እንባው መጣበት። ሠራተኞቹንና ደንበኞቹን አመሰገነ፤ ማንንም አልተሳደበም። ይህን ጠባዩን ውረሰው። በማግስቱ ወርም ኤሪክ ቡዌል ሬሲንግ የሚል አዲስ ድርጅት አቋቋመ። በስልሳ ዓመቱ ደጃፍ ላይ ያለ ሰው እንደገና ከዜሮ ሲነሳ ማየት ያኮራል።

ነገር ግን ያው መንገድ እንደገና መጣ። በ2013 ሄሮ ሞቶኮርፕ የተባለው የህንድ ግዙፍ ድርጅት 25 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ 49.2 በመቶ ድርሻ ያዘ። 1190አርኤክስ የተባለች ፈጣን ሞተር ሳይክል ወጣች። የድርጅቱ ሞተር ሳይክሎች በ2014 በዓለም ሱፐርባይክ ውድድር ላይ ተሰለፉ። ወጪው ግን ከገቢው ቀደመ። በ2015 ሚያዝያ ላይ ድርጅቱ ከነ20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳው በሩን ዘጋ፤ 126 ሰዎችም ተበተኑ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ንብረቱ ተከፋፍሎ ተሸጠ። ቡዌል የሚለው ስም ከዓመታት በኋላ ሚሺጋን ውስጥ በሌሎች ሰዎች እጅ እንደገና ተነስቷል።

ድርሻውን የገዛው ሄሮም ራሱ የሚያስተምርህ አለው። ከ1984 ጀምሮ ሄሮ ሆንዳ ተብሎ ከጃፓኑ ሆንዳ ጋር በሽርክና ይሠራ ነበር። ሞተሩ የሆንዳ ነው፤ ልክ የቡዌል የሃርሊ እንደነበረው። በ2010 መጨረሻ ሁለቱ ለመለያየት ተስማሙ። ሄሮ ግን አልወደቀም። ፋብሪካው የራሱ፣ የአከፋፋዮቹ መረብ የራሱ፣ ደንበኛው የራሱ ነበር። የጎደለው የሞተር ዕውቀት ነው። ሲለያይ የሆንዳን ቴክኖሎጂ ለተወሰነ ጊዜ ለመጠቀም ፈቃድ ይዞ ወጣ፤ በዚያ ጊዜም ዕውቀት ከሌላ ቦታ ይፈልግ ጀመር። ወደ ኤሪክ ቡዌል በር ያመጣውም ይኸው ፍለጋ ነው። ሁለቱም በሰው ሞተር ተነሱ። አንዱ ሲለያይ ብዙ ነገር በእጁ ነበረው፤ አንዱ ግን ከሙያው በቀር ምንም አልነበረውም።

ስለዚህ ልጄ፣ ሸሪክ አትያዝ አልልህም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለው ያስተማሩን አባቶች አልተሳሳቱም። የምልህ ሌላ ነው። ፊርማህን ከማኖርህ በፊት አንድ ጥያቄ ራስህን ጠይቅ፦ ይህ ሰው ነገ ቢሄድ በእጄ ምን ይቀራል? ገንዘቡ የእሱ ከሆነ ደንበኛው የአንተ ይሁን። ሱቁ የእሱ ከሆነ ስሙ የአንተ ይሁን። ስሙንም ከወሰደ የሥራው ዋና ዕውቀት ከቤትህ አይውጣ። ሁሉንም በአንድ ሰው እጅ ያስረከብህ ዕለት ግን ሥራህ የሚዘጋበትን ቀን የመወሰን ሥልጣንም አብረህ እንዳስረከብህ እወቅ። ያ ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል። ሃርሊም ክፉ አልነበረም፤ የራሱ ቤት ሲናወጥ መጀመሪያ የራሱን ምሰሶ ያዘ። ማንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ውሉንም ደስታህ ሳይቀዘቅዝ አትፈርም። መለያየት ቢመጣ እንዴት እንደምትለያዩ ገና በፍቅር ሳላችሁ ተነጋገሩ። ፋብሪካው ለማን እንደሚሆን፣ ስሙ በማን እጅ እንደሚቀር፣ መልሰህ ለመግዛት ቅድሚያ ይኖርህ እንደሆነ በጽሑፍ ይስፈር። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ አለመተማመንም አይደለም። ቅን ሸሪክ እንዲህ ሲጠየቅ ያከብርሃል። በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ሸሪክ ካለ ደግሞ ቁጣው ራሱ መልስ ሰጥቶሃል።

በሥርህ የሚሠሩትንም አስብ። ኢስት ትሮይ ላይ የተበተኑት ወደ 180 ሰዎች ውሉን አልፈረሙም፤ ዋጋውን ግን ከፈሉ። አንተም ነገ ሰው ስትቀጥር የምትፈርመው ለራስህ ብቻ አይደለም። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው። ቸኩለህ አትፈርም፤ ሥራህ ቢያንስ በአንድ በራሱ እግር እንደሚቆም ሳታረጋግጥ ለማንም አሳልፈህ አትስጠው።